በአጣና የሚቆም፣ ፌስታል ውስጥ የሚገባ አንቴና

የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለራስ ፍላጎት ከሌሎች ጋር የምትገናኙበት ሬዲዮ፣ ማሽኑ ውድ ነው። አንቴናው ግን ደብረ ብርሃን ላይ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ በሜትር ተለክቶ ይሸጥላችኋል። ብዙ ጀማሪ ብሩን ማሽኑ ላይ ይጨርስና አንቴናው ጋ ሲደርስ ያገኘውን ዘንግ ሰክቶ «ምንም አይሰማም» ይላል። በልኩ የተቆረጠና ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሽቦ ካላችሁ ተራ ማሽንም ይበቃችኋል።

የምንሠራው ዳይፖል ነው። ሁለት እኩል የሽቦ ክንዶች፣ ከመሃላቸው ወደ ማሽኑ የሚወርድ ኬብል፣ በቃ። ጠቅላላ ርዝመቱ የሞገዱን ግማሽ ያህል መሆን አለበት። ሒሳቡም ቀላል ነው፦ 143ን ለምትፈልጉት የሞገድ ድግግሞሽ በሜጋ ኸርትዝ አካፍሉ፣ መልሱ በሜትር ይመጣል። ለ14.2 ሜጋ ኸርትዝ 10 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ማለትም በየክንዱ 5 ሜትር ብቻ። ለ7.1 ደግሞ እጥፉ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በ14 ጀምሩ፤ ሽቦው አጭር ነው፣ ቀን ላይም ሩቅ ያደርሳል።

ሽቦው 1.5 ስኩዌር ሆኖ ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ይሁን። አንድ ወፍራም ክር ያለው ሲጠቀለልና ሲፈታ ይሰበራል። ለመሃሉ ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ አንድ ስንዝር ቁረጡና ግራና ቀኙን ብሱት። ሽቦውን በቀዳዳው አሳልፋችሁ ቋጥሩት፣ ክብደቱን ፕላስቲኩ ይሸከም እንጂ ብየዳው አይሸከም። ወደ ማሽኑ የሚወርደው ኬብል ኮአክሲያል ይባላል፣ መሃሉ አንድ ሽቦ፣ ዙሪያው መረብ ነው፤ የመሃሉን ሽቦ ከአንዱ ክንድ፣ ዙሪያውን ያለውን መረብ ከሌላው አገናኙና ውሃ እንዳይገባ በፕላስተር ጥምጥም አድርጉት። ባለ 50 ኦም ኬብል (ለሬዲዮ ማሽን የሚስማማው ዓይነት) ካጣችሁ የዲሽ ኬብልም ይሠራል፣ 75 ኦም መሆኑ ብዙም አይጎዳም፤ ችግሩ መረቡ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ እርሳስ አለመያዙ ነው። በትንሽ ቡሎን አጥብቁት። ከመገናኛው ሥር ደግሞ ኬብሉን ራሱን 7 ወይም 8 ዙር ጠቅልላችሁ እሰሩ፤ ይሄ ሞገዱ በኬብሉ ውጫዊ ገጽ ተመልሶ ወደ ማሽኑ እንዳይወርድ ያግዳል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ክንዶቹን 5 ሜትር ከ30 አድርጋችሁ ቁረጡ እንጂ ልክ 5 ሜትር አትቁረጡ። ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ከሒሳቡ ትንሽ አጠር ማለት ስለሚፈልግ መጨረሻ ላይ ማሳጠራችሁ አይቀርም፣ ግን በፒንሳ ሳይሆን በማጠፍ። ጫፉን ወደ ኋላ መልሳችሁ በራሱ ላይ ጠምዝዙት፣ በኤስዳብሊውአር መለኪያ (ከላካችሁት ኃይል ምን ያህሉ ከአንቴናው ወደ ማሽኑ እንደሚመለስ የሚያሳይ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጥሩ ነው) እዩት፣ እንደገና እጠፉ። መለኪያው ዝቅተኛውን ቁጥር ከ14.2 ሜጋ ኸርትዝ በታች ባለ ድግግሞሽ ላይ ካሳያችሁ ሽቦው ረዝሟል። በየክንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ስታሳጥሩ ድግግሞሹ በ28 ኪሎ ኸርትዝ ገደማ ከፍ ይላል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ከደብረ ሲና በላይ ባለው ጣርማ በር ላይ ብርዱ አስቸኩሎኝ ከየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር በአንዴ ቆረጥኩት። ከዚያ የቆረጥኩትን ከሣር ውስጥ ስፈልግ፣ ጣቴ ደንዝዞ መልሼ ስቀጥል፣ ግማሽ ቀን ሄደ።

አሰቃቀሉ፦ 6 ወይም 7 ሜትር የባሕር ዛፍ አጣና መሃሉን ወደ ላይ ይይዝላችኋል፣ ሁለቱ ክንዶች እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደታች ይዘረጋሉ። በሲባጎና በካስማ ወጥሯቸው። ጫፍና ሲባጎው መሃል ከጄሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ አስገቡ። በክንዶቹ መሃል ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ አይጥበብ። ጫፎቹም ሰው ከሚነካው በላይ ይሁኑ፣ ስታስተላልፉ ትልቁ ቮልቴጅ ያለው እዚያ ነው፣ ከብትና ሕፃን ደግሞ አይጠየቅም። የመብራት መስመር ያለበት አካባቢ ግን በጭራሽ እንዳታቆሙ።

አጣና ካልያዛችሁ ዛፍ ላይ ነው የሚሰቀለው። ሲባጎ ላይ ድንጋይ አስሬ ስወረውር፣ አራት ጊዜ ስቼ፣ አንድ እረኛ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ አምጣው» አለኝ። በእጁ አንዴ አሽከርክሮ ለቀቀው፣ በፈለግሁት ቅርንጫፍ ላይ አለፈ። ወንጭፍ ለለመደ ልጅ ይሄ ምንም አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ልጆቹን ጠይቁ። ከዚያም በፊት የመሬቱን ባለቤትና ቀበሌውን አናግሩ፤ ኮረብታ ላይ ሽቦ የሚዘረጋ እንግዳ ሰው ያስጠረጥራል፣ ደግሞ እውነታቸውን ነው። ፈቃዱንም እንዳትረሱ። ያለ ፈቃድና ያለ መጠሪያ ምልክት ማስተላለፍ የለም። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ ኢቲ 3 ኤኤ የሚባለው፣ የኢትዮጵያ ምልክት በኢቲ ስለሚጀምር ነው።

ስትመለሱ ሽቦውን እንደ ልቃቂት አትጠቅልሉት፣ በሚቀጥለው ቀን አይፈታላችሁም። በአንዲት እንጨት ላይ እንደ 8 ቁጥር እያቋረጣችሁ ጠምጥሙት።

ክረምት ላይ ደግሞ ጆሯችሁን ስጡት። ከቆላው የሚወጣው ጉም ጣርማ በርን ሸፍኖ ሰማዩ ባይታያችሁም፣ ሬዲዮው ላይ ድንገት ድንገት ጭርርር የሚል ድምፅ ከበዛ መብረቅ እየቀረበ ነው። ኬብሉን ከማሽኑ ንቀሉ፣ አጣናውን አውርዱና ወደ መኪናችሁ ግቡ።