ከርነል የተጠቃሚ ፕሮግራም ሚሞሪን ሲነካ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንድ ፕሮግራም ፋይል እንዲነበብለት ከርነሉን፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚቆጣጠረውን የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ ሲጠይቅ ሦስት ነገሮችን ያስረክባል፦ የፋይሉን መለያ ቁጥር፣ የተነበበው የሚቀመጥበትን የሚሞሪ አድራሻ እና የባይቱን ብዛት። ከርነሉም ያነበበውን በተባለው አድራሻ ላይ ይጽፋል። ጠያቂው ሥልጣኑ የተገደበ ተራ ፕሮግራም ነው፤ ጸሐፊው ግን በማሽኑ ላይ የማይችለው ነገር የሌለ ከርነል ነው። ፕሮግራሙ ያቀበለው አድራሻ የራሱ ሳይሆን የከርነሉ ቢሆንስ? የተጠቃሚዎች ሥልጣን የተመዘገበበት ቦታ ቢሆንስ?

ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ከአንድ የተሳሳተ ግምት ይወለዳሉ፤ እርሱም የተጠቃሚውን ሚሞሪ እንደ ራስ ሚሞሪ መቁጠር ነው። ያ ሚሞሪ ባለቤት አለው። ባለቤቱም ከርነሉ ሥራ ላይ እያለ እንኳ ሊያጠፋው፣ ሊለውጠው ወይም ሊያዘገየው ይችላል። ምሳሌዎቼን ከሊኑክስ እወስዳለሁ፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ስህተቱም እርማቱም በአደባባይ ይታያል።

ፖይንተሩን በቀጥታ መጠቀም

ፖይንተር የሚሞሪ አድራሻ የያዘ ቁጥር ነው። እርሱን በቀጥታ መከተል የጀማሪ ድራይቨር (መሣሪያን ከከርነሉ ጋር የሚያገናኝ ኮድ) ጸሐፊዎች ስህተት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ብዙ ጊዜ ሠርቶ መታየቱ ነው። ሲስተም ኮል፣ ማለትም ፕሮግራም ለከርነሉ የሚያቀርበው ጥሪ፣ በሚስተናገድበት ጊዜ የጠያቂው ፕሮግራም ሚሞሪ ከከርነሉ ጋር ጎን ለጎን ተዘርግቶ ይገኛል። በተለመደው 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽን ላይ የታችኛው 128 ቴራባይት የአድራሻ ክልል የፕሮግራሙ ሲሆን ከርነሉ የላይኛውን ይይዛል። ስለዚህ ከርነሉ የፕሮግራሙን ፖይንተር ተከትሎ ቢያነብ ቁጥሩን ያገኘዋል፤ ጸሐፊውም ተሳካልኝ ይላል።

ፖይንተሩ የተሳሳተ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ከተጠቃሚው ሚሞሪ የሚያነበው «ኮፒ ፍሮም ዩዘር» እና ወደዚያ የሚጽፈው «ኮፒ ቱ ዩዘር» የተባሉት ፈንክሽኖች የተለየ ዝግጅት አላቸው። የተጠቃሚውን ሚሞሪ የሚነኩት የማሽን ትእዛዞቻቸው አንድ በአንድ በሠንጠረዥ ተመዝግበዋል። ከእነርሱ በአንዱ ላይ ፔጅ ፎልት (የተነካው የሚሞሪ ገጽ በቦታው አለመገኘቱን ፕሮሰሰሩ የሚያሳውቅበት ምልክት) ተነሥቶ አድራሻው ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ ከርነሉ ሠንጠረዡን አይቶ ወደ ተዘጋጀው መውጫ ይዘላል፤ ፕሮግራሙም የ«ኢፎልት» (የተሳሳተ አድራሻ) መልስ ይደርሰዋል። በቀጥታ የተጻፈው ኮድ ግን በሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ስለዚህ ስህተቱ የከርነሉ የራሱ ብልሽት ሆኖ ይቆጠራል።

ሃርድዌሩም ቢሆን ይህን ልማድ መታገሥ አቁሟል። ከ2014 ጀምሮ በወጡት የኢንቴል ብሮድዌል ፕሮሰሰሮች ላይ «ስማፕ» የተባለ መከላከያ አለ፤ በአርም 8.1 ላይ አቻው «ፓን» ይባላል። በር ሳይከፈት ከርነሉ የተጠቃሚውን ሚሞሪ ከነካ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያስቆመዋል። ኮፒ የሚያደርጉት ፈንክሽኖች በሩን ለአጭር ጊዜ ከፍተው መልሰው ይዘጋሉ። በአሮጌ ማሽን ላይ ለዓመታት የሠራ ድራይቨር በአዲሱ ላይ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እያንዳንዱን የተጠቃሚ ፖይንተር «ዩዘር» በሚለው ምልክት መለየትና ኮዱን «ስፓርስ» በተባለው መርማሪ ማሳለፍ ይህን ስህተት ገና ሳይሮጥ ይይዘዋል። ትንሽ ድካም ነው፤ ለመዝለል ምንም ምክንያት አይታየኝም።

የክልል ፍተሻውን «ሌላ ቦታ ተደርጓል» ብሎ መተው

«አክሰስ ኦኬ» የተባለው ፍተሻ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህ አድራሻ ከነርዝመቱ በተጠቃሚው ክልል ውስጥ ያርፋል ወይስ አያርፍም? በቦታው ላይ በእውነት ሚሞሪ መኖሩን አይናገርም፤ እርሱ የሚታወቀው ኮፒው ሲካሄድ ብቻ ነው። ሁለቱን ማምታታት በራሱ ስህተት ነው። የከፋው ግን ፍተሻውን መርሳት ነው።

ተራው «ኮፒ ፍሮም ዩዘር» ፍተሻውን በውስጡ ያደርጋል። ከጎኑ ግን ለፍጥነት ሲባል የተዘጋጁ፣ ፍተሻውን ለጠሪው የሚተዉ ፈንክሽኖች አሉ። በ2008 «ቪኤምስፕላይስ» በተባለው ሲስተም ኮል ውስጥ ከተጠቃሚው የመጡት አድራሻዎች ሳይፈተሹ በመቅረታቸው ከ2.6.17 እስከ 2.6.24.1 ባሉት የከርነል ስሪቶች ላይ ተራ ተጠቃሚ ሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን መያዝ ቻለ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ4.13 ከርነል ውስጥ «ዌይትአይዲ» ወደ ፈጣኖቹ ፈንክሽኖች ሲዛወር ይኸው ፍተሻ ዳግመኛ ተዘለለ፤ በደኅንነት ክፍተቶች መዝገብ (ሲቪኢ) ላይ ሲቪኢ-2017-5123 ተብሎ ተመዘገበ። ማንኛውም ፕሮግራም የከርነል አድራሻ አቀብሎ ከርነሉ በራሱ ሚሞሪ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ የተወሰደውን እርማት አደንቃለሁ። ጸሐፊዎችን «ተጠንቀቁ» ከማለት ይልቅ በ5.0 ከርነል በሩን የሚከፍተው ፈንክሽን ራሱ ክልሉን እንዲፈትሽ ተደረገ። አሁን ፍተሻውን ሳያልፉ በሩን መክፈት ከባድ ነው።

«ሴት ኤፍኤስ» የሚባለውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከርነሉ ለተጠቃሚ የተዘጋጁ ፈንክሽኖችን ለራሱ ሚሞሪ መጠቀም ሲፈልግ የክልሉን ወሰን ለጊዜው ያነሣበት ነበር። በ2010 የታየው ሲቪኢ-2010-4258 አደጋውን አጋለጠ፤ ወሰኑ በተነሣበት ቅጽበት ከርነሉ ብልሽት ገጥሞት ትሬዱን (በፕሮግራሙ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሮጠውን የሥራ መስመር) ሲያሰናብት፣ በስንብቱ ላይ ተጠቃሚው አስቀድሞ በመረጠው አድራሻ ላይ ዜሮ ይጽፍ ነበር፤ ወሰኑን የመለሰ ማንም አልነበረም። ይህ አሠራር ከኢንቴል ማሽኖች ኮድ በ5.10 ወጣ፤ በ2022 በወጣው 5.18 ደግሞ ከነጭራሹ ተወገደ። በአሮጌ ድራይቨር ውስጥ ካጋጠመ መጠገን ሳይሆን መንቀል ነው የሚሻለው።

አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ማንበብ

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ኮዱን መስመር በመስመር ያነበበ ሰው እንኳ ምንም ጉድለት ላያይበት ይችላል። ከርነሉ መጀመሪያ የመልእክቱን ርዝመት ከተጠቃሚው ሚሞሪ ያነባል። ርዝመቱን ይመዝናል፤ ልክ ነው። በልኩ ሚሞሪ ይመድባል። ከዚያ ሙሉ መልእክቱን፣ ርዝመቱን ጨምሮ፣ ዳግመኛ ኮፒ ያደርግና በመልእክቱ ውስጥ ባለው ርዝመት ሥራውን ይቀጥላል። በሁለቱ ንባቦች መካከል በሌላ የፕሮሰሰር ኮር ላይ የሚሮጥ የዚያው ፕሮግራም ትሬድ ቁጥሩን ከ64 ወደ 6,400 ቢለውጠውስ? የተመደበው ሚሞሪ ለ64 ነው፤ ሥራው የሚካሄደው በ6,400 ነው። ገንዘብ ከፋይ የቼኩን መጠን አጣርቶ ቼኩን ለደንበኛው ከመለሰ በኋላ እንደገና ተቀብሎ ሳያየው ቢከፍል እንደማለት ነው።

ሲቪኢ-2016-6516 በትክክል ይህ ነበር። በሊኑክስ የፋይል ድግግሞሽ ማስወገጃ ጥሪ ውስጥ ብዛቱ ሁለት ጊዜ ይነበብ ነበር። በዊንዶውስም እንዲሁ በ2013 ሁለት የጉግል ተመራማሪዎች፣ ማቴውሽ ዩርችክ እና ጊንቫኤል ኮልድዊንድ፣ ሲስተሙን በኢሙሌተር ላይ አስኪደው እያንዳንዱን የተጠቃሚ ሚሞሪ ንባብ በመመዝገብ በርካታ ተመሳሳይ ክፍተቶችን አውጥተዋል። በዐይን የማይታየውን በመሣሪያ አዩት።

መፍትሔው አንድ ጊዜ ኮፒ ማድረግ፣ ኮፒውን መፈተሽ፣ በኮፒው ብቻ መሥራት ነው። መጠኑ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ሁለት ንባብ ግድ ከሆነ፣ ከሁለተኛው ንባብ በኋላ በመጀመሪያ የተፈተሸውን ቁጥር በኮፒው ላይ መልሶ መጻፍ ወይም ሁለቱን አነጻጽሮ ካልተመሳሰሉ ጥሪውን ውድቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ጉዳይ አለ። እንደ «አይኦ ዩሪንግ» ባሉ አሠራሮች ከርነሉና ፕሮግራሙ አንድ የሚሞሪ ክፍል ይጋራሉ፤ ከርነሉም በቀጥታ ያነብበዋል። ጸሐፊው አንድ ጊዜ ወደ ተለዋዋጭ ያነበበውን ኮምፓይለሩ ሁለት ጊዜ ሊያነብበው ይችላል፤ በቋንቋው ሕግ መሠረት ይህን ማድረግ መብቱ ነው። «ሪድ ዋንስ» የሚለው ማክሮ ይህን ይከለክላል፤ በጋራ ሚሞሪ ላይ ያለ እርሱ ማንበብ ከላይ ያየነውን ክፍተት በማይታይ መንገድ ይመልሰዋል።

የመልሱን ቁጥር በስህተት መተርጎም

«ኮፒ ፍሮም ዩዘር» የሚመልሰው ያልተገለበጡትን ባይቶች ብዛት ነው። ዜሮ ማለት ሁሉም ተሳክቷል ማለት ነው። ያንን ቁጥር እንዳለ ለፕሮግራሙ የሚመልስ ድራይቨር ውድቀትን እንደ ስኬት ያቀርባል፤ ፕሮግራሙ አዎንታዊ ቁጥር አይቶ «ይህን ያህል ተሠርቷል» ብሎ ይረዳልና። አንድ ቁጥር ብቻ የሚያነበው «ጌት ዩዘር» ደግሞ ዜሮ ወይም የስህተት ኮድ ነው የሚመልሰው። የሁለቱ ልማድ መለያየቱ ያሳዝናል፤ ግን ማወቅ ግድ ነው።

ስፒንሎክ ይዞ ኮፒ ማድረግ

ስፒንሎክ አንድ ኮር የሚሠራበትን መረጃ ሌሎች ኮሮች እንዳይነኩበት የሚይዘው ቁልፍ ነው። የተጠቃሚው ገጽ ደግሞ ወደ ዲስክ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ኮፒው ሲነካው ፔጅ ፎልት ይነሣል፤ ከርነሉም ገጹ ከዲስክ እስኪመለስ ይተኛል። ስፒንሎክ ይዞ መተኛት ደግሞ ክልክል ነው፤ ሌሎች ኮሮች በባዶ እየተሽከረከሩ ይጠብቃሉ። ከዚህም የከፋ አለ፤ በ2015 በ4.3 ከርነል የገባው «ዩዘርፎልትኤፍዲ» ፕሮግራሙ ራሱ ፔጅ ፎልቱን እንዲያስተናግድ ይፈቅዳል። ስለዚህ ኮፒው የሚቆይበትን ጊዜ አጥቂው ይመርጣል፤ ጠባብ የነበረውን የጊዜ ክፍተት እንደልቡ ያሰፋዋል። ከ5.11 ጀምሮ ሥልጣን የሌለው ፕሮግራም የከርነሉን ፎልት በዚህ መንገድ እንዳያቆም በነባሪነት ታግዷል፤ ፋይል ሲስተምን በተራ ፕሮግራም ለማስተናገድ በሚያስችለው «ፊውዝ» በኩል ግን ተመሳሳይ ማዘግየት አሁንም ይቻላል።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ኮፒ ከቁልፍ በፊት ነው። ወደ ተጠቃሚው መጻፍ ሲሆን ደግሞ ውጤቱን በራስ ሚሞሪ አዘጋጅቶ፣ ቁልፉን ለቅቆ፣ ከዚያ መገልበጥ። የኢንተረፕት (ሃርድዌር ፕሮሰሰሩን የሚያቋርጥበት ጥሪ) አስተናጋጅ ውስጥ ከሆነ ጭራሽ መሞከር የለበትም፤ በዚያ ቅጽበት በኮሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ጉዳዩ የማይመለከተው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ያልጸዳ ሚሞሪ ለተጠቃሚው ማስረከብ

በአንድ የመረጃ መዋቅር ውስጥ አንድ ባይት ተቀምጦ ከኋላው ስምንት ባይት የሚይዝ ቁጥር ቢከተል ኮምፓይለሩ በመካከላቸው ሰባት ባይት ባዶ ቦታ ይተዋል። እያንዳንዱ መስክ ቢሞላ እንኳ በእነዚያ ሰባት ባይቶች ውስጥ ከቀድሞ ሥራ የቀረ የከርነል መረጃ ይኖራል። እዚያ የቀረው የከርነል አድራሻ ከሆነ፣ ከርነሉ የት እንደተጫነ ለመደበቅ የተደረገው ጥበቃ ይፈርሳል። መዋቅሩን ከመሙላት በፊት በ«ሜምሴት» ሙሉ በሙሉ ዜሮ ማድረግ ነው።

ብዛትን በመጠን ሲያባዙ አለመፈተሽ

ተጠቃሚው 268435457 ብዛት ቢልክና እያንዳንዱ 16 ባይት ቢሆን፣ ብዜቱ በ32 ቢት ሲያዝ 16 ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለ16 ባይት ሚሞሪ ተመድቦ ከዚያ በላይ ይጻፋል። «ኬማሎክ አሬይ» ብዜቱን ራሱ ፈትሾ ይመድባል።

በመልካም ግብዓት ብቻ መፈተን

እስካሁን የተዘረዘሩት ስህተቶች ሁሉ ፕሮግራሙ ቅን ከሆነ አይታዩም። ስለዚህ ፈተናው ቅን መሆን የለበትም። የመጨረሻው ባይቱ በገጽ ጫፍ ላይ የሚያርፍ፣ ቀጣዩ ገጽ ግን የሌለ ሚሞሪ መስጠት፤ የከርነል አድራሻ መስጠት፤ አድራሻውና ርዝመቱ ሲደመሩ ከጣሪያው አልፈው ወደ ዜሮ የሚዞሩበትን መስጠት፤ አንድ ትሬድ ጥሪውን ሲያቀርብ ሌላው ያንኑ ሚሞሪ ሳያቋርጥ እንዲለዋውጥ ማድረግ። የጉግሉ «ሲዝኮለር» ሲስተም ኮሎችን በዘፈቀደ ግብዓት ያለ ዕረፍት ይጠራል፤ በ6.1 የገባው «ኬምሳን» ደግሞ ያልጸዳ ሚሞሪ ወደ ተጠቃሚው ሲወጣ ይይዛል። ድራይቨሩ ለሌሎች ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱም በርተው፣ «ስማፕ» ባለው ማሽን ላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይሩጥ።