የአሮጌ ኤንኤስኤክስ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው፦ ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት

ሆንዳ ኤንኤስኤክስ የተባለውን የስፖርት መኪና ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው አኩራ በሚል ስም ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ምርት በ2005 ቆሟል። ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ትውልድ ትንሹ ኤንኤስኤክስ እንኳ 20 ዓመት አልፎታል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ከ30 በላይ ናቸው። አካሉ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ነው። ባለ 3 ሊትሩ ቪ6 ሞተር ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጦ በደቂቃ እስከ 8,000 ዙር ይሄዳል። ቢየላዎቹ (ፒስቶኖቹን የሚይዙት ዘንጎች) ከታይታኒየም የተሠሩ ናቸው።

ይህን የምጠቅሰው ለጉራ አይደለም። ባለቤቶች መኪናው ትንሽ ሲያስቸግር ወዲያው ሞተሩን ይጠረጥራሉ። በደንብ የተያዘ የኤንኤስኤክስ ሞተር ግን በቀላሉ አይሞትም። የሚያረጀው ሌላው ነገር ነው፦ ስታኞው (የኤሌክትሪክ ዕቃ እግር ሰሌዳ ላይ የሚጣበቅበት)፣ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ዕቃ)፣ ጎሚኒውና በየቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ። ሌላው የብልሽት ምንጭ የቀድሞው ባለቤት «አሳምረዋለሁ» ብሎ የቀየረው ዕቃ ነው። ውድ መለዋወጫ ከማዘዛችሁ በፊት እነዚህን አጣሩ።

ሲሞቅ አልነሳም ይላል

ጠዋት ቁልፉን እንዳዞራችሁ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ነዳጅ ለመቅዳት አጥፍታችሁ ስትመለሱ ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ማታ ሲበርድ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ይህን የሰማ መካኒክ ብዙ ጊዜ የነዳጅ ፓምፕ ይቀይራል። ፓምፑ ግን ደህና ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ዋናው ሪሌ ነው። ለኢንጀክሽን ሲስተሙና ለነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ይህ ችግር በዚያ ዘመን ሆንዳዎች ሁሉ የታወቀ ነው፤ አሮጌ ሲቪክ ወይም አኮርድ የነዳ ሰው ያውቀዋል። የመኪናው ውስጥ ፀሐይ ላይ ሲግል ሪሌው ውስጥ ያለው ስታኞ ይሰነጠቃል። ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል።

ምርመራው ነፃ ነው። አልነሳም ባለበት ሰዓት ራዲዮኑንና ማራገቢያውን አጥፉ። ቁልፉን ሞተሪኖው ሳይዞር አንድ ደረጃ ብቻ አዙሩና ጆሯችሁን ስጡ። የነዳጅ ፓምፑ ለ2 ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» ማለት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኪኖች ላይ የቼክ ኢንጂን መብራቱም በርቶ ከ2 ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ድምፁ ከሌለ ፊውዙን እዩ። ፊውዙ ደህና ከሆነ ሪሌውን አውጡት። ፓምፑ ድምፅ እያሰማ ሞተሩ ካልተነሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደ እሳቱ፣ ማለትም ወደ ኮይሎቹና ኢግናይተሩ ሂዱ።

የሪሌው ክዳን በቀጭን ካቻቢቴ ይከፈታል። ሰሌዳውን ገልብጣችሁ በጠንካራ መብራትና በማጉያ መነፅር ተመልከቱ። ጤነኛ ስታኞ ያበራል፣ ከእግሩም ጋር የተያያዘ ነው። የተሰነጠቀው ላይ እግሩን የምትከብ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር ቀለበት ትታያለች። አሮጌውን ስታኞ አቅልጣችሁ አውጡና አዲስ አድርጉበት። በአሮጌው ላይ መደረብ ለጊዜው ያስነሳል፣ በሚቀጥለው ሐሩር ይመለሳል። እኔን ብትጠይቁኝ አዲስ ሪሌ ገዝቶ ማስገባት፣ የተጠገነውን ደግሞ ለመጠባበቂያ መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። መንገድ ላይ ጎታች መኪና ከመጥራት ያድናል።

አንድ ተጨማሪ ነገር። መኪናው እየሄደ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ፣ ቁልፉንም ስትነካኩት የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ የቁልፍ ማብሪያው የኤሌክትሪክ ክፍል አርጅቷል። የቤትና የመሥሪያ ቤት ቁልፍ ሁሉ የተንጠለጠለበት መያዣም አይረዳውም።

ማራገቢያው በራሱ ይነሳል ይወድቃል፣ ስፒከሩ ይንኳኳል

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ፤ በሽታው ግን አንድ ነው። የዚያ ዘመን ካፓሲተሮች ሲያረጁ ፈሳሽ ያፈሳሉ። ፈሳሹ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ይበላቸዋል።

የአየር መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ሲጠቃ ማራገቢያው የፈለገውን ያደርጋል። ፍጥነቱ አልቀየርም ይላል፣ ወይም ከነጭራሹ ይጠፋል። አየሩም ካዘዛችሁት አቅጣጫ ውጪ ይነፍሳል። የቦዝ ስፒከሮቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማጉያ ስላላቸው በየተራ ነው የሚታመሙት። መጀመሪያ አንዱ በር ይንኳኳል፣ ቀጥሎ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሌላው ይጀምራል።

መፍትሄው ካፓሲተሮቹን በሙሉ ቀይሮ ሰሌዳውን በአልኮል ማጠብና የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ መቀጠል ነው። ስልክና ቴሌቪዥን የሚጠግን ጥሩ ባለሙያ ይሠራዋል። ይህን ሥራ ብቻ ይዘው የሚኖሩ ባለሙያዎችም ስላሉ ሰሌዳውን በፖስታ መላክ ይቻላል። ዋናው ነገር ጊዜ ነው። ስፒከሩ መንኳኳት እንደጀመረ ያወጣው ሰው የሚቀይረው ካፓሲተር ብቻ ነው። ዝም እስኪል የጠበቀው ሰሌዳ ያጣል።

ከዚህ የሚለይ አንድ ምልክት አለ። ማራገቢያው የሚሠራው በከፍተኛው ፍጥነት ላይ ብቻ ከሆነ ሰሌዳውን ተዉትና ፍጥነቱን የሚቆጣጠረውን ፓወር ትራንዚስተር እዩ። ከፍተኛው ፍጥነት በትራንዚስተሩ በኩል ስለማያልፍ ነው እሱ ብቻ የሚተርፈው።

ከሞተሩ ጎን ጩኸት፣ የሚወላገድ ፑሊ

ይህኛውን አደራ በጥሞና አንብቡት። ሌላው ብልሽት መንገድ ላይ ቢያስቀራችሁ ነው፤ ይህ ግን ሞተር ይበላል።

ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ፑሊ አንድ ብረት አይደለም። የውስጡና የውጪው ቀለበት መሐል ላይ በጎሚኒ የተያያዙ ናቸው፤ ጎሚኒው የሞተሩን ንዝረት ይውጣል። ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የውጪው ቀለበት ይንሸራተትና የታይሚንግ ቺንጊያውን (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስማማውን) ሽፋን መፋቅ ይጀምራል። ሽፋኑን ከበሳ ቺንጊያው ላይ ይደርሳል። ቺንጊያው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ።

ለመመርመር ፑሊው ባለበት በኩል ያለውን የኋላ ጎማ ፍቱና በመብራት እዩ። ከውስጡ ብረት ጀምሮ ጎሚኒውን አቋርጦ እስከ ውጪው ቀለበት የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በነጭ ቀለም አስምሩ። ከተወሰነ ጊዜ መንዳት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። መስመሩ ከተሰበረ ቀለበቱ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪናው መነዳት የለበትም። መስመሩ ባይሰበርም ጎሚኒው ተሰነጣጥቆ ወይም ወደ ውጪ ወጥቶ ካያችሁት ቀይሩት።

ቺንጊያውን በተመለከተ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማኑዋል የሚለው 90 ሺህ ማይል ወይም 6 ዓመት፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ነው። «መኪናዬ 30 ሺህ ማይል ብቻ ነው የሄደችው» የሚል ባለቤት ሁለተኛውን ቁጥር ይረሳል። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረውም ይኸው ቺንጊያ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሩ። ፑሊውም ያኔ እጃችሁ ላይ ነው። ደረሰኝ የሌለው የቺንጊያ ቅያሪ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከተቀየረ በኋላ ሙቀቱ ይጨምራል

ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተሩ ከፊት ነው። መሐል ላይ ረጃጅም ቱቦዎች አሉ፣ አየር ይይዛሉ። ተራ መኪና የለመደ ጋራዥ ሞልቶ ይዘጋዋል፤ ከዚያ የሙቀት ጌጁ ይወጣል፣ ወይም የውስጥ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። በመስመሩ ላይ ያሉትን የአየር ማስወጫ ቡሎኖች ማኑዋሉ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል፣ ማሞቂያውን ከፍታችሁ፣ አረፋ የሌለው ፈሳሽ እስኪወጣ ድረስ ክፈቱና ዝጉ። ቡሎኖቹን በጉልበት አትጠምዝዙ። ማስፋፊያ ጋኑም ፕላስቲክ ነው፤ ስፌቱ ላይ ደርቆ የቀረ የኩላንት ቀለም ካለ ተሰንጥቋል።

ቀጥ ባለ ደረቅ መንገድ ላይ ጉልበቱ ይቆረጣል

ነዳጅ ስትረግጡ የቲሲኤስ (የጎማ መንሸራተት መቆጣጠሪያ) መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ጎማው አልተንሸራተተም። ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ጎማዎቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ።

ቲሲኤስ የሚሠራው የፊትና የኋላ ጎማዎችን ፍጥነት እያወዳደረ ነው። ኋላው ከተጠበቀው በላይ ቶሎ ከዞረ «ተንሸራተተ» ብሎ ጉልበት ይቀንሳል። የሚጠብቀው ደግሞ ከፋብሪካ የወጣውን የጎማ መጠን ነው። ትልቅ ቸርኬ ስትገጥሙ ይህ ስሌት ይፋለሳል።

ስሌቱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የጎማውን ስፋት በጎኑ መቶኛ አባዙ፣ በ2 አባዙ፣ ከዚያ የቸርኬውን ኢንች በ25.4 አባዝታችሁ ደምሩ። የ1991ዱ መኪና ፊቱ 205/50/15 ነው፤ ቁመቱ 586 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኋላው 225/50/16 ሲሆን 631 ይሆናል። 586ን ለ631 ስታካፍሉ 0.93 ገደማ ታገኛላችሁ። አሁን አንድ ሰው ፊት 215/45/17፣ ኋላ 255/35/18 ገጠመ እንበል። ፊቱ 625፣ ኋላው 636 ገደማ ነው፤ ሲካፈል 0.98 ይመጣል። ለኮምፒውተሩ ኋላው ሁልጊዜ የተንሸራተተ ይመስላል። ፊቱ ላይ 215/40/17፣ ኋላ 265/35/18 ቢሆን ግን 604 ለ643፣ ማለትም 0.94 ነው። ለመጀመሪያው በጣም ቅርብ ነው።

ከ1994 ጀምሮ የፋብሪካው ጎማ ወደ 16 እና 17 ኢንች ስለተቀየረ ስሌቱንም በራሳችሁ መኪና ዓመት ጀምሩ። ቸርኬ ሳይቀየርም ችግሩ ሊመጣ ይችላል፤ የኋላው ጎማ አልቆ ፊቱን ብቻ አዲስ ያደረገ ሰው ልዩነቱን ራሱ ፈጥሯል። ቲሲኤስን በማጥፊያው አጥፍቶ መንዳት መፍትሄ አይደለም። በዝናብ ቀን የምትፈልጉት እሱን ነው።

የኋላ ጎማ ነገር ከተነሳ፣ የውስጥ ጠርዙ ብቻ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ አላይመንቱን አስለኩ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኋላ ጎማዎች ፊታቸው ወደ ውስጥ የዞረበት መጠን ብዙ ስለነበር ጎማ ይበሉ ነበር። ሆንዳ በኋላ ቀንሶታል። ሞላ አሳጥሮ መኪናውን ዝቅ ያደረገ ሰው ደግሞ አላይመንቱን እንደገና ማሠራት ግዴታው ነው።

መኪናው ክረምቱን ቆሞ ሲነሳ የኤቢኤስ መብራት ይበራል

እኛ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ይህን በየፀደዩ እናያለን። መንገድ ላይ ጨው ሲነሰነስ መኪናው ጋራዥ ይገባል፣ ወራት ይቆማል። እስከ 1999 የተሠሩት መኪኖች ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሲስተም) በፓምፕ የታመቀ ፈሳሽ ያጠራቅማል። የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ሲስብ ውስጥ ያሉት ቫልቮች ይጣበቃሉ፣ ግፊቱ ይፈሳል፣ ፓምፑም ደጋግሞ ይሠራል። መኪናው ቆሞ ሳለ ፓምፑ ቶሎ ቶሎ ሲጮህ ከሰማችሁ ምልክቱ ይኸው ነው።

የፍሬን ዘይቱን የኤቢኤሱን ጋን ጨምሮ በሙሉ አስቀይሩ። ከዚያ ሰው በሌለበት ጠጠራማ ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄዳችሁ ኤቢኤሱ እስኪንቀጠቀጥ ፍሬን ያዙ፤ ቫልቮቹ ይላቀቃሉ። ካልተሻለው ከ2000 ጀምሮ የመጣውን ዘመናዊ ኤቢኤስ የሚገጥሙ ባለቤቶች አሉ። የሚደገፍ ማሻሻያ ነው። የአሮጌውን ሲስተም ቱቦ ግን ግፊቱን ለዚሁ በተሠራው መሣሪያ ሳታስወጡ አትፍቱ፤ ዓይን ያጠፋል።

ካምቢዮው ያጉረመርማል

በ1991 እና በ1992 መጀመሪያ ከተሠሩት ባለ 5 ማርሽ መኪኖች ውስጥ በከፊሉ፣ አንድ ኩሽኔታ በቦታው የሚይዝ ቀለበት የመሰበር ችግር አለ። ከተሰበረ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፣ ስብርባሪው ማርሾቹ ውስጥ ይገባል። ሁሉም መኪና ስለማይነካው የካምቢዮውን ቁጥር ከተጎዱት ቁጥሮች ጋር ማስተያየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ዘይት ስትቀይሩ የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ደቃቅ ዱቄት ብታገኙ የተለመደ ነው። የብረት ስባሪ ካገኛችሁ ግን አትንዱት። ቁጥሩ ከተጎዱት ውስጥ ከሆነ ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው በወረደበት ቀን አብሮ መሠራት አለበት፤ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ አትከፍሉም።

ቡሎን ዙሪያ ነጭ ዱቄት

አሉሚኒየምና ተራ ብረት ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ለዚህ ነው ፋብሪካው ልዩ ሽፋን ያላቸው ቡሎኖች የተጠቀመው። አንድ ሰው ማርሚታ ወይም ሾክ ሲቀይር ከሱቅ የተገዛ ተራ ቡሎን ካስገባ ከጊዜ በኋላ ነጭ ዱቄት ይታያል። ቡሎኑን አውጡ፣ ቦታውን በናይለን ብሩሽ አጽዱ፣ ትክክለኛውን ቡሎን አስገቡ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ሀበሻ መካኒኮች ፍሬኑን፣ ቺንጊያውንና ኩላንቱን ማኑዋሉ እጃቸው ላይ ካለ በደንብ ይሠሩታል። የተጋጨ አካል ግን የአሉሚኒየም ብየዳ ለሚያውቅና ለዚያ የተለየ መሣሪያ ላለው ቤት ብቻ ስጡ።

መስኮቱ እያቃሰተ ይወጣል

የመስኮቱን ሞተር አትቀይሩ። መስታወቱን የሚያንሸራትቱት የፕላስቲክ መያዣዎች አልቀዋል፣ አሮጌው ግሪስም ደርቋል። የበሩን ሽፋን አውጡ፣ ግሪሱን ጠርጉ፣ መያዣዎቹን ቀይሩ፣ የጎሚኒውን ቦይ ሲሊኮን ንፉበት። እጃችሁ በሩ ውስጥ እያለ ስፒከሩንም አውጥታችሁ ካፓሲተሩን እዩት።