የአገር የውጭ ዕዳ እንዴት ይነበባል?

"ኢትዮጵያ ይህን ያህል ቢሊዮን ዶላር ዕዳ አለባት" የሚል ዜና ስታዩ ድምሩ ላይ አትቁሙ። ማን አበደረ? በምን ውል? መቼ ይከፈላል? ቁም ነገሩ ያለው እነዚህ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ምንጩን ክፈቱ። ገንዘብ ሚኒስቴር በየሩብ ዓመቱ የዕዳ መግለጫ ያወጣል፣ ዓለም ባንክም በየዓመቱ የየአገሩን ዕዳ ያትማል። የኛ በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ የዓለም ባንክ ቁጥር ግን የሚያዘው በፈረንጆች ዲሴምበር መጨረሻ ስለሆነ ሁለቱን አታደባልቁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆች ናቸው።)

ቀጥሎ አበዳሪዎቹን ለዩ። እንደ ዓለም ባንክ ያሉ ተቋማት አሉ፣ መንግሥታት አሉ፣ የግል አበዳሪዎች አሉ። መንግሥት ለመንግሥት የሚያበድረው የሁለትዮሽ ብድር ይባላል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ብድር ከባንክ የመጣ ነው፤ ግን አበዳሪው ኤግዚም ባንክ የቻይና መንግሥት ንብረት ስለሆነ ከሁለትዮሽ ይመደባል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው መክፈል ሲያቅት ነው። ኢትዮጵያ በ2021 በቡድን 20 (በታላላቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ) ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ፣ ማለትም የብድሩ አከፋፈል እንዲሻሻልላት፣ ጠየቀች፣ አበዳሪ መንግሥታቱ በፈረንሳይና በቻይና የሚመራ ኮሚቴ አቋቋሙ፣ በመርሕ ደረጃ ስምምነት ላይ የተደረሰው ግን በማርች 2025 ነው፤ ያውም ለ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ብቻ። በ2014 የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች የተሸጠ የብድር ሰነድ) ባለቤቶች ደግሞ ለብቻቸው ነው የሚደራደሩት። የዲሴምበር 2023ቱ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል የቀረው ለእነሱ ነበር።

ከዚያ ዓመታቱን አስተያዩ። ዕዳው ድንገት ሲወርድ ተከፍሎ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። በ2000ዎቹ አጋማሽ የኛ ዕዳ በጣም የቀነሰው ስለተሰረዘልን ነው። በ2018 የባቡሩ ብድር መክፈያ ከ10 ወደ 30 ዓመት ሲራዘም ደግሞ የየዓመቱ ክፍያ ቀለለ እንጂ ዕዳው አልጠፋም። በብር የተጻፈውንም ተጠንቀቁ። ጁላይ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ አንድም አዲስ ብድር ባይጨመር እንኳ የውጭ ዕዳው በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እኔ ከሁሉም በላይ የማየው የዓመቱን ክፍያ ከኤክስፖርት ገቢ ጋር ነው። ዕዳው የሚከፈለው በዶላር ነው፣ ዶላሩ ደግሞ ከቡና፣ ከወርቅና ከአየር መንገዱ ነው የሚመጣው። አይኤምኤፍና ዓለም ባንክ ዕዳ የመሸከም አቅማቸው ደካማ ለሚሏቸው ድሃ አገሮች ያስቀመጡት ጣሪያ 10 በመቶ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ነዳጅና መድኃኒት መግዣው ይሻማል፣ እኛም ይህን ገበያ ላይ እናየዋለን።

"ብድር ተፈረመ" የሚል ዜና ከሆነ ደግሞ ገና ዕዳ ውስጥ አትደምሩት። ዕዳ የሚሆነው ገንዘቡ ሲለቀቅ ነው። እስከዚያ ወለዱንና የእፎይታ ጊዜውን (ዋናው ብድር መከፈል እስኪጀምር ያለውን ጊዜ) ፈልጉ፤ የዋናው ብድር ክፍያ የሚጀምርበትን ዓመት ከዚያ ታገኙታላችሁ።