ስለ ምዕራብ አፍሪካ ባህል፣ ቴክኖሎጂና ማንነት በፍሪላንስ ጋዜጠኝነት እንዴት ይጻፋል?

በአንድ መገናኛ ብዙኃን ሳይቀጠር፣ በየጽሑፉ እየተከፈለው የሚሠራ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ በዚህ መስክ ለመጻፍ ሲነሣ የመጀመሪያ ሥራው «ምዕራብ አፍሪካ» የሚለውን ስያሜ ከርእሱ ላይ ማንሣት ነው። ዎሎፍና ፈረንሳይኛ የሚነገርባት የሴኔጋሏ ዳካር ሐውሳ ከሚነገርባት የናይጄሪያዋ ካኖ ጋር በአንድ አንቀጽ አትጠቃለልም። «የሌጎስ ቴክኖሎጂ» የሚለውም ቢሆን ገና ሰፊ ነው፤ በዚህች የናይጄሪያ ከተማ በያባ ሰፈር የተሰባሰቡት ጀማሪ ኩባንያዎች አንድ ታሪክ ሲሆኑ፣ በዚያችው ከተማ በኢኬጃ በሚገኘው «ኮምፒውተር ቪሌጅ» የተባለ ገበያ ስልክ የሚጠግኑት ወጣቶች ደግሞ ሌላ ታሪክ ናቸው።

ቀጥሎ ባህል፣ ቴክኖሎጂና ማንነት በአንድ ነገር ላይ የሚገናኙበትን ጉዳይ መፈለግ ይገባል። ለዚህ አዘውትሬ የምጠቅሰው አድላም የተባለውን ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በጊኒ፣ በንዜሬኮሬ ከተማ፣ ኢብራሂማና አብዱላዬ ባሪ የተባሉ ወንድማማቾች ገና ልጆች ሳሉ ፉላኒ ለተባለው የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ቋንቋ የሚሆን ፊደል ፈጠሩ፤ ከዚያ በፊት ቋንቋው ይጻፍ የነበረው ለድምፆቹ በሚገባ በማይመቹት በዐረብኛና በላቲን ፊደላት ነበር። ጽሑፎቹ በእጅ እየተገለበጡ ከሰው ሰው ቢዛመቱም ፊደሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ የጋራ አድርገው የሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ2016 ነው። ግእዝ በዚያው መዝገብ የተካተተው በ1999 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን እንደነበር የሚያስታውስ ጋዜጠኛ ሌላው የማይጠይቀውን መጠየቅ ይችላል። የስልኩን የፊደል ገበታ የሠራው ማን ነው? ወጣቶቹ ፊደሉን ከተማሩ በኋላ መልእክት የሚላላኩት በእርሱ ነው ወይስ፣ እኛ ብዙ ጊዜ እንደምናደርገው፣ በላቲን?

ጥያቄው ከተለየ በኋላ ሰው ማግኘት ይመጣል። የባለሥልጣንና የኩባንያ መሥራች አስተያየት በቀላሉ ይገኛል፤ ዘገባውን የሚሸከሙት ግን መምህሩ፣ ነጋዴዋና ስልክ ጠጋኙ ናቸው። የፉላኒዎች ቋንቋ በጊኒ ፑላር፣ በሰሜን ናይጄሪያ ፉልፉልዴ ስለሚባል፣ ተናጋሪው ራሱንና ቋንቋውን ምን ብሎ እንደሚጠራ ገና በመግቢያው ጠይቆ በዚያው ስም መጻፍ ያስፈልጋል። አስተርጓሚ ካስፈለገ የተጠያቂው ዘመድ ባይሆን ይመረጣል። በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ቃለ መጠይቅ ማድረግ ርካሽና ምቹ ነው፤ ሆኖም ሰውየው ስልኩን አውጥቶ የመጨረሻውን መልእክቱን በየትኛው ፊደል እንደጻፈ ሲያሳይ ማየት፣ የአንድ ሰዓት ንግግር የማይሰጠውን ማስረጃ ይሰጣል።

ማጣራቱ በተለይ በስሞች ላይ ይክበድ። የእንግሊዝ ጦር በ1897 የዘረፋቸው «የቤኒን ነሐሶች» የተባሉት የጥበብ ሥራዎች የመጡት በዛሬዪቱ ናይጄሪያ፣ በኤዶ ግዛት ከነበረው የቤኒን መንግሥት ነው፤ ፈረንሳይ በ2021 የመለሰቻቸው 26 ቅርሶች ግን በዛሬዪቱ ቤኒን ሪፐብሊክ የነበረው የዳሆሜ መንግሥት ንብረት ነበሩና የሄዱት ወደ ቤኒን ሪፐብሊክ ነው። ሁለቱን ያምታታ ጽሑፍ በአካባቢው አንባቢ ዘንድ ወዲያው ዋጋ ያጣል።

ለአርታኢ የሚላከው የሐሳብ ማቅረቢያ ከአንድ ገጽ አይለፍ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አዲሱ ነገር ምን እንደሆነና ለምን አሁን መጻፍ እንዳለበት ይነገራል፤ ከዚያም እስካሁን ከማን ጋር እንደተነጋገሩ፣ የቃላቱ ብዛትና የሚደርስበት ቀን ይከተላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ማስታወስ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ማለፍ ነው።

ክፍያን ከመጻፍ በፊት መነጋገር አያሳፍርም። መጠኑ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ጽሑፉ ሳይታተም ቢቀር የሚሰጠው ካሳ፣ የትርጉምና ዳግም የማተም መብት በጽሑፍ ይስፈሩ። ገንዘቡ በምን እንደሚከፈልም መለየት ይገባል፦ ሴኔጋልን የመሳሰሉ አገሮች በጋራ የሚገበያዩበት የምዕራብ አፍሪካው ሴፋ ፍራንክ አንድ ዩሮ በ655.957 ሒሳብ ከዩሮ ጋር የታሰረ ሲሆን፣ የናይጄሪያው ገንዘብ ናይራ ግን በሰኔ 2023 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ክፉኛ ወርዷል። በናይራ ተዋውሎ ከስድስት ወር በኋላ የተከፈለው ሰው ልዩነቱን በኪሱ ያውቀዋል።

የናይጄሪያ የ2015 የሳይበር ወንጀል ሕግ ጋዜጠኞችን ለመክሰስ ስለዋለ፣ የድምፅ ቅጂዎችንና ማስታወሻዎችን ማስቀመጥ፣ ስሙ እንዲጠራ ያልፈቀደን ሰው ማንነትም ከእነዚህ ለይቶ መያዝ ያሻል። ጽሑፉ በወጣ ዕለት ቅጂውን ለተናገሩት ሰዎች ሁሉ መላክ አይዘንጋ፤ የመንደሩ ስም እንደተሳሳተ የሚጽፈው ከእነርሱ አንዱ ነው፣ አርታኢውም እርማቱን በዚያው ቀን ማግኘት አለበት።