ከደም ነው ከድስት? የቤተሰብ የጤና ሐረግ አሣሣል

ሐኪም «ከቤተሰብ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት አለ?» ሲል ብዙ ሰው «የለም» ብሎ ያልፋል። እውነተኛው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ጠይቄ አላውቅም» ነው። ጠይቆ የጤና ሐረግ፣ ማለትም የቤተሰቡን ሕመም በትውልድ የሚያሳይ ሥዕል፣ ለመሥራት አንድ ትልቅ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ከዘመድ ጋር የሚጠጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቡና ይበቃል። ለጋብቻ ሰባት ቤት ለሚቆጥር አገር ሥራው አዲስ አይደለም። ለጤና ሲሆን እንዲያውም ይቀላል፤ ሦስት ትውልድ ይበቃል። ከወላጅ፣ ከወንድምና ከእህት ጋር የምንጋራው ውርስ ግማሽ ያህል ነው፤ ከአያት፣ ከአጎትና ከአክስት ጋር ሩብ፤ ከአጎት ልጅ ጋር አንድ ስምንተኛ። ከዚያ ወዲያ እየሳሳ ይሄዳል።

ወንድን በአራት ማዕዘን፣ ሴትን በክብ ሣሉ። ባልና ሚስትን በአግድም መስመር አገናኙ፤ ልጆቻቸውን ከሥር አውርዱ፣ ታላቁን በግራ። በሞተ ሰው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመራል፤ የታመመው ይጠቁራል፤ ሐረጉ የሚሠራለት ሰው በቀስት ይጠቆማል። ከእያንዳንዱ ሥር ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመምና ሕመሙ የጀመረበት ዕድሜ ይጻፍ። የመጨረሻው ነው ሁልጊዜ የሚዘለለው፤ ከሁሉም የሚፈለገውም እሱ ነው። በ80 ዓመታቸው ግፊት የያዛቸው አያትና በ38 ዓመቱ የያዘው አጎት አንድ ነገር አይናገሩም።

የዝምድና ቃሎቻችን እዚህ ላይ ያሳስታሉ። «ወንድሜ» የአክስት ልጅም፣ አብሮ አደግም ሊሆን ይችላል፤ «አጎቴ» የአክስት ባል ሊሆን ይችላል፤ «እማዬ» አሳዳጊ አያት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ «በአንድ እናት፣ በአንድ አባት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የስማችን ሥርዓት ደግሞ የአባትን ወገን በራሱ ስለሚቆጥር የእናት ወገን ባዶ ሆኖ ይቀራል። የጡት ካንሰር በአባት በኩልም እንደሚወረስ አትርሱ፤ የአባት እህቶች ክብ ባዶ መሆን የለበትም። ያልታወቀውን «አይታወቅም» በሉ። ባዶ ቦታ ኋላ «ጤነኛ» ተብሎ ይነበባል።

ዕድሜ የማያውቁ አዛውንት በዘመን ይጠየቃሉ፦ «በ53ቱ ግርግር ትዳር ይዘው ነበር? በ66ቱ አብዮት ስንት ልጅ ነበራቸው? በ77ቱ ድርቅ ሕመሙ ጀምሯቸው ነበር?» ውጭ አገር ላለ ሐኪም የሚሰጥ ከሆነ ግን ዓመተ ምሕረቱን ትታችሁ ዕድሜውን ጻፉ። አለዚያ 1977 በእነርሱ አቆጣጠር ይነበብና ሰባት ስምንት ዓመት ይስታል።

የአሟሟት ወሬ ሌላው ፈተና ነው። «ምች መታው» ከተባለ «ምች» ብላችሁ አትዝጉት፤ ምን እንደታየ ጠይቁ። አንድ ጎኑ ሰንፎ፣ አፉ ተጣሞ ነበር? ውኃ ውኃ እያለ፣ ሽንት እያመላለሰው ከሳ? ምልክቱን እንዳለ ጻፉ፤ ስም ማውጣቱ የሐኪም ነው። ሕመማቸውን መናገር የማይወዱ ሰዎች የሚውጡትን መድኃኒት ለማሳየት ብዙም አያስቸግሩም፤ የእሽጉን ስም ገልብጡ። ለቅሶ ቤት ግን አይጠየቅም።

ሐረጉ ካለቀ በኋላ ሁለተኛ ወረቀት ይዘጋጅ፤ ይህ የልማድ ወረቀት ነው። ጨው፣ መጠጥ፣ ሲጋራ፣ ጫት፣ የማገዶ ጭስ፣ የእግር ጉዞ፣ ማን በየትኛው ቤት አደገ። እዚህ ላይ ትልቁ ምስክር በጋብቻ የመጣ ሰው ነው፤ ደሙ ሌላ፣ ድስቱ አንድ። ከሌላ ወገን የመጣችው ሚስትም ሃያ ዓመት አብራ ስትበላ ግፊት ከያዛት ማዕዱን ጠርጥሩ። በወጣትነቱ ከቤት ወጥቶ ሌላ አገር፣ ሌላ ምግብ የለመደው ወንድምም እቤት የቀሩት በታመሙበት ዕድሜ ከታመመ ደሙን ጠርጥሩ። ማረጋገጫ አይደለም፤ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ጨውን በግምት አትለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አምስት አዋቂ ባለበት ቤት 25 ግራም ማለት ስለሆነ አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። የተከፈተበትን ቀን በላስቲኩ ላይ ጻፉ። በ20 ቀን ካለቀ እጥፍ ነው። ከበርበሬና ከሽሮ ጋር የተፈጨው፣ ዳቦ ውስጥ ያለው ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ብዙ ቤት ሒሳቡ የሚሳሳተው እዚሁ ነው። (ጥሬ ሥጋ የሚወድ ቤት ኮሶ አይጠፋውም፤ ያም የዘር ተብሎ ሲቆጠር ይሰማል።)

የከፋው ስሕተት በዝሆኔ ላይ ነው። በደጋው ቀይ አፈር አካባቢ እግራቸው ያበጠ ቤተሰቦች «ዘራቸው ነው» እየተባሉ ከጋብቻ ይገለላሉ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ይህ ሕመም አይተላለፍም። ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧን፣ ማለትም ከሰውነት ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሰውን ቧንቧ፣ ይጎዳል። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ብቻ ነው፤ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ልጅ ሳይዘው ሊቀር ይችላል። በዚህ አካባቢ ለሚሠራ ሐረግ «ጫማ ማድረግ የጀመረበት ዕድሜ» የሚል መስመር ይጨመር። ሥጋ ደዌም ዘር አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው፣ በመድኃኒት ይድናል።

ወረቀቱን ይዛችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም የምትሄዱት እነዚህን ስታዩ ነው፦ አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት የልብ ሕመም ከያዛቸው፤ የጡት ካንሰር ከ50 በፊት ወይም በወንድ ላይ ከታየ፤ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለባቸው። ግላኮማ ሳያም ስለሚያሳውር ዓይን ደህና ቢመስልም ይታያል። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት የትልቁ አንጀት ካንሰር ከያዛቸው ምርመራው በ40 ዓመት ወይም ያ ዘመድ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ይጀመራል።

ወረቀቱን በቤተሰብ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉት፤ የነገሯችሁ ሰዎች ለእናንተ ነው የነገሩት። ለሐኪም በሚሰጠው ቅጂ ላይ ስሙ ቀርቶ «የእናት ታላቅ ወንድም» ይበቃል፤ ጥግ ላይ ደግሞ የተሠራበትን ቀን ጻፉበት።