ክራርና ማሲንቆ የሚጫወቱ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ ቀን ኮድ ሲጽፉ ውለው ማታ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚያነሱ ወጣቶች አሉ። እኔም ሶፍትዌር እየሠራሁ ክራር የምጫወት በመሆኔ ብዙዎቹ ምክር ሲፈልጉ ወደ እኔ ይመጣሉ። ትዕግሥተኞች ናቸው፤ አንድን አስቸጋሪ ዜማ በትንንሹ ቆርጠው ደጋግመው መለማመድንም ከማንም በተሻለ ያውቁበታል። ይሁን እንጂ በሥራቸው ላይ የሚጠቅማቸው ልማድ መሣሪያውን ሲያነሱ የሚያሳስታቸው ጊዜ አለ።

ከሁሉም የሚብሰው ቅኝትን፣ ማለትም ዜማ የሚመሠረትበትን የድምፆች ሥርዓት፣ የአምስት ድምፆች ዝርዝር ብቻ አድርጎ ማሰብ ነው። አንድ ጎበዝ ፕሮግራመር የተቀዳ ዜማ ተቀብሎ ቅኝቱን የሚለይ ፕሮግራም ሠርቶ አሳይቶኝ ነበር። ፕሮግራሙ በዜማው ውስጥ የተሰሙትን ድምፆች ይለቅማል፣ የተደጋገሙትን ያስወግዳል፣ የቀሩትንም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ያመሳክራል። አምባሰል ባሰማነው ቁጥር ግን «ትዝታ ማይነር» እያለ መለሰልን፤ ወጣቱም በኮዱ ውስጥ ስህተት ሲፈልግ ሰነበተ። ኮዱ ምንም አልጎደለውም ነበር። የትዝታ ማይነር እርምጃዎች በግማሽ ድምፅ ሲቆጠሩ 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4 ናቸው፤ እነዚሁኑ ድምፆች ከአራተኛው ተነሥተን ስንቆጥራቸው 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ይሆናሉ፤ ይህም አምባሰል ነው። እንደዚሁም ትዝታ ሜጀርን ከአምስተኛው ድምፅ ጀምሮ የሚቆጥር ሰው 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2 ያገኛል፤ እርሱም ባቲ ማይነር ነው። ድምፆቹ አንድ ከሆኑ ቅኝቶቹን የሚለያቸው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ፣ ወደዚያ የሚመለስበት መንገድና ተጫዋቹ በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሚቆይ ነው። ይህን ሁሉ ያ ፕሮግራም ገና በመጀመሪያው እርምጃ ጥሎታል። ባቲና አምባሰል ስማቸው ከዚሁ ከወሎ ምድር ሆኖ ሳለ፣ እዚሁ ያደገ ልጅ አምባሰልን ከቁጥር ሰንጠረዥ ብቻ ሲማር ማየት በእውነት ያሳዝነኛል። እባካችሁ፣ ጣታችሁ ክሩን ከመንካቱ በፊት ማረፊያውን ድምፅ አንጎራጉሩ፤ ዜማውንም በአፋችሁ መልሳችሁ እዚያው ማሳረፍ እስክትችሉ ድረስ ክራሩን አታንሡ።

ሁለተኛው ስህተት እያንዳንዱን ክር በስልክ መቃኛ ማስተካከል ነው። መቃኛው ኦክታቭን፣ ማለትም አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ያለውን ርቀት፣ 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ለእያንዳንዱ 100 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ) ይሰጣል፤ አረንጓዴው መብራት ሲበራም ተማሪው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ማሲንቆ ግን በአንገቱ ላይ ድምፅን የሚወስን ምልክት የለውም፤ ማሲንቆ መቺውም ሆነ ዘፋኙ ድምፁን የሚያስቀምጠው በጆሮው ነው፤ ክራሩም ከእነርሱ ጋር መስማማት አለበት። መነሻውን ድምፅ ከስልክ መውሰድ ጉዳት የለውም፤ የቀሩትን ክሮች ግን ከመነሻው ጋር እያዳመጣችሁ ቃኙ። የክራርን ድምፅ ቀድተው ወደ ሚዲ (ኖታን ለኮምፒውተር በቁጥር ወደሚያስተላልፈው ሥርዓት) ለሚያስገቡም ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል፤ አንዱን ድምፅ ለማስተካከል ድምፅ ማጠፊያውን (ፒች ቤንድ) ሲጠቀሙ በዚያው ቻናል ላይ የሚሰሙት ሁሉ አብረው ይታጠፋሉ። ሚዲ 16 ቻናሎች አሉት፤ ክራር ደግሞ ብዙ ጊዜ ስድስት ክር ስላለው ለእያንዳንዱ ክር የራሱን ቻናል መስጠት ይቻላል።

ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ካለችው ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ወደምትለው ኮምቦልቻ የወረደ ክራር ሙቀቱ ክሩንና ቆዳውን ስለሚለውጣቸው ቅኝቱን ይስታል። ስለዚህ ደርሶ ወዲያው መቅዳት አይገባም። አዲስ የናይለን ክርም እስኪለጠጥ ድረስ ቀናት ይፈልጋል።

በቀረጻ ጊዜ የብሉቱዝ ማዳመጫ አትጠቀሙ። ድምፁ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ስለሚደርስ ተጫዋቹ ሳያውቀው ምቱን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ በገመድ ማዳመጫ፣ በ48,000 ኸርዝ፣ የ256 ናሙና ማቆያ (በፈር) የሚጨምረው መዘግየት ግን ወደ 5 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው።

የመቅረጫ ሶፍትዌሮች አብዛኛውን ጊዜ ሲከፈቱ በ4/4 ምትና በደቂቃ 120 ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ የጭፈራ ዜማዎቻችን ብዙዎቹ ግን በ6/8 የሚሄዱ ናቸው። ይህን ሳይቀይሩ ቀርጸው ኋላ ኖታዎቹን ሁሉ በሶፍትዌሩ ላይ ወዳለው ቅርብ የምት መስመር የሚስቡ ጀማሪዎች አጋጥመውኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ትከሻ የማያንቀሳቅስ ምት ነው። ምቱን በቅድሚያ አስተካክሉ፤ ሲቀረጽ የተሳተውን ደግሞ ከመስመር ጋር ከማጣበቅ እንደገና ተጫወቱት። በራሱ የሚሠራ የድምፅ ማረሚያም የዶ ሜጀርን ሰባት ድምፆች እንደያዘ ከተተወ አምባሰልን ሊያበላሸው ይችላል፤ ማረሚያው ግድ ከሆነ አምስቱን ድምፆች ብቻ ምረጡለት።

ቀኑን ሙሉ የተየበ እጅ አንጓው ሳይፍታታ ክራር መግረፍ የለበትም። የመለማመጃ መተግበሪያ ለመሥራት የተነሣ ሰውም መተግበሪያው እስኪያልቅ ልምምዱን ማቆም የለበትም።

የመጨረሻው በጣም የሚያሳስበኝ ነው። የሌላ ሰው ኮድ ከመጠቀማቸው በፊት ፈቃዱን አንብበው የሚጨርሱ ባለሙያዎች በሠርግ ወይም በገበያ ያገኙትን አዝማሪ በስልክ ቀድተው፣ ድምፁን ቆራርጠው፣ ስሙን ሳይጠቅሱ በራሳቸው ሥራ ውስጥ ሲያስገቡት አይቻለሁ። የዜማው ባለቤት አይታወቅም የሚለው ምክንያት አያድንም፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙንም መብት ይጠብቃል። ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ድምፁን ለምን እንደምታውሉት በግልጽ አስረዱ፣ ክፍያውንም እዚያው ተነጋገሩ፤ የተጫዋቹን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ቤት ሳትደርሱ በፋይሉ ላይ ጻፉ፤ ሥራው ሲወጣም ስማቸው ከእናንተ ስም ጎን ይቀመጥ።