ከማስተር ወደ ሜይን፦ የብራንች ስም ከተቀየረ በኋላ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ጊትሃብ (ቡድኖች የፕሮግራም ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ የሚከፈት አዲስ ሪፖ (የአንድ ፕሮጀክት ኮድ ማከማቻ) ዋና ብራንቹ፣ ማለትም ዋናው የኮድ ቅርንጫፍ፣ ሜይን ይባላል። የቆዩት ግን ብዙዎቹ እስካሁን ማስተር ናቸው። ብዙ ሪፖ ያለው ቡድን ሁሉንም አንድ ስም ላድርግ ብሎ ሲነሳ ስም መቀየሩ ራሱ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው አሮጌውን ስም የሚጠሩት ነገሮች ላይ ነው።

ፑል ስታደርጉ «ማስተር ሪሞት ላይ የለም» ይላል

ፑል ማለት ኮዱን ከሰርቨሩ (ከሪሞቱ) ወደ ላፕቶፕ ማምጣት ነው። ሰርቨሩ ላይ ስሙ ተቀይሯል፤ ላፕቶፓችሁ ላይ ግን ገና ነው። ጊትሃብ የድረ ገጽ ሊንኮችን ወደ አዲሱ ስም ይመራል፣ ፑልን ግን አይመራም። ሁሉም ሰው በየሪፖው እነዚህን የጊት ትዕዛዞች ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ያስኪድ (ኦሪጂን ማለት የሰርቨሩ ስም ነው)፦

ጊት ብራንች -ኤም ማስተር ሜይን
ጊት ፌች ኦሪጂን
ጊት ብራንች -ዩ ኦሪጂን/ሜይን ሜይን
ጊት ሪሞት ሴት-ሄድ ኦሪጂን -ኤ

የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ካልተሰራች ኦሪጂን/ሄድ፣ ማለትም የሰርቨሩ ዋና ብራንች የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው ጠቋሚ፣ ወደ አሮጌው ማስተር እየጠቆመ ይቀራል።

ክፍት ፑል ሪኩዌስቶች በሙሉ ተዘጉ

ፑል ሪኩዌስት «ለውጤን ወደ ብራንቹ አስገቡልኝ» የሚል ጥያቄ ነው። ሁሉም ከተዘጉ አንድ ሰው ሜይንን ፑሽ አድርጎ (ወደ ሰርቨሩ ልኮ) ማስተርን አጥፍቷል ማለት ነው። ማስተርን መልሳችሁ ፑሽ አድርጉ፣ ፑል ሪኩዌስቶቹን ክፈቱ፣ መድረሻቸውን ወደ ሜይን ቀይሩ፤ ማስተር የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። በቀሩት ሪፖዎች ላይ ግን የጊትሃብን የራሱን ስም መቀየሪያ ተጠቀሙ። ፑል ሪኩዌስቶቹንም የጥበቃ ደንቦቹንም አብሮ ያዛውራል።

ምንም ስህተት አይታይም፣ ቴስቱ ግን አይሮጥም

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ዎርክፍሎው ፋይሉ (ቴስቱ መቼ በራሱ እንደሚሮጥ የሚነግረው ፋይል) ውስጥ «ማስተር ላይ ፑሽ ሲደረግ ሩጥ» ተብሎ ተጽፏል። ጊትሃብ የብራንቹን ስም ሲቀይር ፋይሉን አይነካም። ሜይን ላይ ፑሽ ሲደረግ ደንቡ አይገጥምም፣ ስለዚህ ቴስቱ ዝም ይላል። ቀይ ምልክት ስለሌለ ማንም ልብ አይልም፤ ያልተፈተሸ ኮድ ለሳምንታት ሊገባ ይችላል።

መፍትሄው ከስም ለውጡ በፊት ዎርክፍሎው ውስጥ ማስተርንም ሜይንንም ጎን ለጎን መጻፍ ነው። ለውጡ ካለቀ በኋላ አሮጌውን አውጡት። እንዲሁም አንዱንም ሪፖ ከመንካታችሁ በፊት በሁሉም ላይ «ጊት ግሬፕ ማስተር» አስኪዱ፤ ማስተር የሚለው ቃል ያለበትን ፋይል ሁሉ ያሳያችኋል። በሁሉም ያልኩት አንዱ ሪፖ ሌላውን በብራንች ስም ስለሚጠራ ነው፦ የዲፕሎይ ስክሪፕት (ኮዱን ወደ ሥራ የሚያስገባ)፣ የሰብሞጁል ፋይል (ሌላ ሪፖን በውስጡ የሚያካትት)፣ ከሌላ ሪፖ የተወሰደ አክሽን (ዝግጁ የዎርክፍሎው ክፍል)። ወደ ጥሬ ፋይል የሚወስዱ ሊንኮችም አሉ፤ እነሱን ጊትሃብ ወደ አዲሱ ስም አይመራቸውም።

የጠፋው ማስተር ተመልሶ መጣ

ላፕቶፑን ያላስተካከለ ሰው ፑሽ አድርጓል። ፌች አድርጋችሁ «ጊት ሎግ ኦሪጂን/ሜይን..ኦሪጂን/ማስተር» በሉ፤ ማስተር ላይ ብቻ ያሉትን ኮሚቶች (የተመዘገቡ የኮድ ለውጦች) ያሳያችኋል። ወደ ሜይን አስገቧቸውና ማስተርን አጥፉ። ከዚያ ጊትሃብ ሩልሴት (የብራንች ደንቦች የሚወጡበት ቦታ) ላይ ማስተር የሚባል ብራንች እንዳይፈጠር ከልክሉ።